ኮረብታ የተደገፈ ቤት

ቤታችን ያለው ግድግዳ ሦስት ነው። አራተኛው ኮረብታው ራሱ ነው። አባባ ቤቱን ሲሠሩ «እግዜር ያቆመው ግድግዳ እያለ እኔን ምን አደከመኝ!» ብለው ሦስቱን ከኮረብታው ግራናይት ድንጋይ ጋር አጋጠሙና ጣሪያ ደፉበት። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ድንጋይ ጠራቢ ሆኖ በድንጋይ የሚሰስት አባታችሁ ብቻ ነው» ትለን ነበር።

ዝናብ ሲበረታ ያ ግድግዳ ያልበዋል። በሙቀት ጊዜ ደግሞ ጀርባን ሲያስደግፉበት ቅዝቃዜው እስከ ጎድን ይዘልቃል። የስፌት መኪናዬን ያስቀመጥኩት እሱ ሥር ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ቀን ሰማያዊ ጨርቅ፣ ማታ ሰማያዊ ክር፣ በሕልሜም ሰማያዊ ኮሌታ ነው። ወንድሜ ገልባጭ መኪና ይነዳል፤ ታናሼ ነው፣ እትዬ ይለኛል። አባባ ደግሞ ሽብልቄ ይሉኛል፤ ሽብልቅ ድንጋይ ለመሰንጠቅ ስንጥቅ ውስጥ የሚከተት ብረት ነው። ሰው መካከል ገብቼ ነገር ስለምሰነጥቅ ነው አሉ። እኔ እንኳ ነገር አልሰነጥቅም፤ እውነት ሳላስተካክል ማለፍ ስለማልችል ነው።

ስለ ኮረብታው የማያውቅ ሰው ከሩቅ ሲያየው ምኑም አይደንቀውም። ራሰ በራ ነው። አፈር ያለው ስንጥቅ ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያ የበቀሉት ጥቂት ቁጥቋጦዎችም ነፋሱ ከአንድ ወገን ስለሚመጣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን አዘንብለዋል። አንድ ሰሞን ዛፍ እንተክላለን ያሉ ሰዎች መጥተው ነበር። ችግኙን ነፋሱ ነቅሎ የታችኛው ሰፈር ጓሮ ውስጥ በተነው፤ ጥቂቶቹ እዚያው በቀሉ ይባላል። እንዲህ ያለ ነፋስ ነው። የሚያልፍ ነፋስ አይደለም፣ ነዋሪ ነው።

ድሮ፣ አባባ ከአያታቸው እንደሰሙት፣ ኮረብታው የዘብ ቦታ ነበር። ከላይ የሚቀመጡት ሰዎች የሩቁን አቧራ አይተው እሳት ያነዳሉ፣ ከተማው በሩን ይዘጋል። ኋላ ከተማው በር የማይዘጋ ሲሆን ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ተከፈተበት። የፍርድ ቤቱ ደረጃ፣ የባቡር ጣቢያው ፊት፣ የትልቁ ድልድይ እግር፣ ሁሉም ከዚህ ተፈልጦ የሄደ ነው። ከተማ ስወርድ የፍርድ ቤቱን ደረጃ ረግጬ ስወጣ፣ ለነገሩ ክስ ኖሮኝ አይደለም፣ ጓሯችንን የረገጥኩ ይመስለኛል። ሰው «ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ዘመን» ሲል ያልነበረ ጊዜ ማለቱ ነው። እኛ ቤት ግን ድንጋይ እውነትም ዳቦ ነበር፤ ያደግነው እሱን በልተን ነው። መሐል ላይ እስረኞች በሰንሰለት የሚፈልጡበት ክፉ ዘመን ነበር፤ ቀናቸውን የቆጠሩበት ጭረት በኮረብታው ጀርባ በፈለጡት ገደል ላይ ዛሬም አለ። ከዚያ ሲሚንቶና ሴራሚክ መጣ፣ ድንጋይ የሚፈልግ ጠፋ፣ ድርጅቱ ማሽኖቹን ጭኖ ጉድጓዱን ትቶልን ሄደ። በመጨረሻ አናቱ ላይ የስልክ ማማ ተከሉበት። ነፋስ ሲመጣ ያፏጫል። አገር ምድሩን ያገናኛል ይባላል፤ እኛ ከሥሩ ስለሆንን ግን ስልካችን አይሠራም።

እዚያ ላይ ሰው ቢጮህ ነፋሱ ቃሉን ከከንፈሩ ነጥቆ ይሄዳል። ስለዚህ ድንጋይ ጠራቢዎቹ በአፍ አይነጋገሩም ነበር። በመዶሻ ነው። ነፋስ ድምፅን ይሰርቃል፣ ድንጋይ ግን የተሰጠውን ያደርሳል። አንድ ምት «አለሁ» ነው። ሁለት ምት «ና» ነው። ሦስት «ቆይ» ነው። ያለማቋረጥ ከተጣደፈ ድማሚት ሊፈነዳ ስለሆነ ሽሹ ማለት ነው። ሌላም ጥቂት ነበረ፤ አንሱ፣ አውርዱ፣ ውሃ አምጡ። መዶሻ አንቱታ አያውቅም። ልጅ ሆኜ አባባን በመዶሻ «ና» ማለት ደስታዬ ነበር፤ በአፌ ብለው ጥፊ ነው የሚጠብቀኝ።

ካባው ከተዘጋ በኋላ ከዚያ ሁሉ ቋንቋ ቤታችን ውስጥ የቀረችው አንዲት ደንብ ናት፦ አባባ እያንኳኩ ከሆነ ደኅና ናቸው፤ ዝም ካሉ ሰው ይሂድ። ምክንያቱም አባባ ሥራውን አልተዉም። ሐኪሙ ሳንባዎ የድንጋይ ዱቄት ሞልቶበታል፣ ሽቅብ አይውጡ ብሏቸዋል። ወንድሜ ለምኗቸዋል። «አባባ፣ እንግዲህ ቁጭ ይበሉ» ሲላቸው «ቁጭ ብዬ ምን ልሁን? ድንጋይ?» አሉት። ማንም ያላዘዛቸውን ድንጋይ ይጠርባሉ፣ የኮረብታውን ጎን እየመቱ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ ያደምጣሉ፣ ጠርዝ ያስተካክላሉ። እኛ ታች ግድግዳው ውስጥ ጠክ፣ ጠክ ሲል እንሰማለን። ሰው የግድግዳ ሰዓት እንደሚሰማው ነው የምንሰማው።

የዚያን ቀን ነፋሱ ከማለዳ ጀምሮ ነበር። መዶሻቸውን ይዘው ሲወጡ እኔ ኮሌታ እየገጠምኩ ነው።

«ዛሬስ ይቅርብዎ፣ ነፋሱ መጥፎ ነው» አልኳቸው።

«መቼ ጥሩ ሆኖ ያውቃል?»

«እሺ ይሂዱ። ሲወስድዎ ያረፉበትን ይላኩብን።»

ሳቁና ሳላቸው መጣ። «ሽብልቄ፣ ምሳ ላይ እመጣለሁ» ብለው ወጡ። በራችን በነፋስ ቀን በትከሻ ካልገፉት አይዘጋም፤ ከውጭ ሲገፉት ሰማኋቸው።

ትንሽ ቆይቶ ግድግዳው ጠክ ማለት ጀመረ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ መኪናዬን አላሳረፍኳትም። መርፌው ሲሮጥ ሌላ ነገር አይሰማም፤ ክር ልቆርጥ ስቆም ብቻ ግድግዳውን እሰማለሁ። አለ። ደግሞ እሰፋለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ አለ። ዛሬ አባባ በርትተዋል ብዬ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ምሳ ደረሰ፣ አልመጡም። ወንድሜ መኪናውን አቁሞ ገባና እጁን ሳይታጠብ ድስት ከፈተ።

«አባባስ?»

«ጆሮ የለህም? እየሠሩ ነዋ።»

ጆሮውን ወደ ግድግዳው አዘነበለና ሳቀ። «ኧረ ዛሬስ ጎረምሳ ሆነዋል። እትዬ፣ ሊድሩን ነው እንዴ ራሳቸው ሊያገቡ?»

የአባባን ምሳ ከድኜ አስቀመጥኩላቸው። ስመለስ ግድግዳው አሁንም ጠክ ይላል። ምግቡ ሊቀዘቅዝ ነው ብዬ አጉረመረምኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሬዲዮ መጣ። ጋሽ ሬዲዮ ካባው ውስጥ መሰርሰሪያ ማሽን ሲይዝ ኖሮ ጆሮው የጠፋ ጎረቤታችን ነው። ይህን ስም ያወጡለት አባባ ናቸው፤ ሬዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም ብለው። ሱሪውን በስፌት እንዳጠብብለት አምጥቶ ነው፤ ገና ከበሩ ጀምሮ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ምራቱ፣ ስለ ዘይት ውድነት ያወራል። እንደ ልማዱ ወደ ኮረብታው ግድግዳ ሄዶ መዳፉን ለጠፈበት። ከጆሮው የተረፈው መዳፉ ላይ ነው፤ እኛ ቤት ሲገባ ሁልጊዜ ድንጋዩን እንዲህ ይነካዋል፣ የድሮ ጓደኛውን ሰላም እንደማለት።

ወሬውን አቋረጠ።

ጋሽ ሬዲዮ ወሬ ሲያቋርጥ አይቼ አላውቅም። የስፌት መኪናዬን መዘውር በእጄ ይዤ አቆምኩት።

«ማነው የሚጠራው?» አለ።

በእጄ ምልክት አባባ እየሠሩ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እጄን ይዞ ጎተተኝና መዳፌን ገልብጦ በአውራ ጣቱ ይመታኝ ጀመር። ሁለቴ መታኝ፣ አሳረፈ። ሁለቴ፣ አሳረፈ። ግድግዳው ጠክ ጠክ ሲል ጣቱ ያርፋል፣ ግድግዳው ሲያርፍ ጣቱ ይነሳል።

«ይሄ ሥራ አይደለም ልጄ» አለኝ። «ይሄ ልመና ነው።»

ያኔ ሰማሁት። ና። ና። ና። ከጠዋት ጀምሮ ሲጠሩን ኖሯል። ክር በቆረጥኩ ቁጥር፣ ምሳ ስንበላ፣ ወንድሜ ሲስቅ እየጠሩን ነበር። ድምፁም የመዶሻ አልነበረም፤ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ ነው የነበረው። እኛ ግን ስንት ዓመት ሙሉ መኖራቸውን ብቻ ነበር የምንሰማው፤ ምን እንደሚሉ መስማት ከተውን ቆይተናል።

ከምሳ በኋላ መኪናው ውስጥ ጋደም ያለውን ወንድሜን ጠርቼ ወጣን። ጋሽ ሬዲዮ ጉልበቱን ረስቶ ተከተለን። ከመጀመሪያው እርከን በላይ ነፋሱ ቆሞ አያስኬድም፤ በአራት እግር ነው የሄድነው። ቀሚሴን ነፋሱ ጭንቅላቴ ላይ ሲጠመጥመው፣ ቀድጄ ልጥለው እስኪቃጣኝ ተናደድኩ። ወንድሜ «አባባ!» ይላል፤ አጠገቡ ሆኜ አፉ ሲከፈት አያለሁ እንጂ አልሰማም።

ግራናይት የተሰጠውን ያደርሳል ብያለሁ። ክፋቱ ለሁሉም እኩል ማድረሱ ነው። ጆሮዬን ድንጋዩ ላይ ስለጥፍ ምቱ ከሥሬ ነው። ወደ ግራ ስሳብ ከሥሬ ነው። ወደ ቀኝም ከሥሬ ነው። ኮረብታው በሙሉ አባባን ሆኖ ይጠራኛል፣ አባባ ግን የሉም። የድሮውን እርከን ዞርን፣ እስረኞቹ የፈለጡትን ገደል ዞርን፣ ውሃ ያቆረው ጉድጓድ ጋ ስደርስ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ግን ምቱ አለ፣ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ አያንኳኳም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

መዶሻውን ያገኘው ወንድሜ ነው። ከማማው በታች፣ ልጣጭ የምንለው ቦታ ላይ ነበር የወደቀው። ይህ ኮረብታ እንደ ሽንኩርት ይላጣል፤ ትልልቅ ገበታ ድንጋይ ከሰውነቱ ይላቀቅና ሳይወድቅ ተደግፎት ይቆማል። በገበታውና በኮረብታው መካከል ስንጥቅ አለ። አፉ አንድ ሰው በጎኑ ያስገባል፣ ውስጡ ይጠብና ይታጠፋል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጨለማ ነው፤ ከጨለማው በታች ደግሞ መታጠፊያው። መዶሻውን አንስቼ ጠርዙን አንዴ መታሁ፦ አለሁ።

ከታች ዝም አለ። ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ተጣደፈ። ደስ ብሏቸው ነው። ገባኝ፣ ደስ ብሏቸው ነበር።

ወንድሜ ስልክ የሚሠራበት ድረስ ሮጦ ወረደ። የእሳት አደጋ ሰዎች መጡ፤ ዘግይተዋል አልልም፣ የመኪናው መንገድ ካባው አፍ ላይ ያልቃል፣ ከዚያ ዕቃቸውን ሁሉ ተሸክመው ነው የወጡት። አለቃቸው ግዙፍ ሰው ነው፣ ድምፁ ግን ለስላሳ። ሦስት እግር ያለው ብረት ስንጥቁ አፍ ላይ አቆሙ፣ ነፋሱ ገፍቶ ጣለው። ደግመው አቆሙ፣ ሁለት ሰው ደገፈው፣ ሰዎቹንም ብረቱንም አንድ ላይ ገፋቸው። ከመካከላቸው ቀጭኑን ልጅ በገመድ አስረው ቀስ ብለው ለቀቁት። ገና ወገቡ ድረስ እንደገባ ነፋሱ ገመዱን ወዘወዘው፣ ገመዱ ጠርዙን ፈተገው፣ ጠጠርና ድንጋይ እየተንኮታኮተ ወደ ውስጥ ወረደ።

ምቱ ቆመ።

ማንም ማንንም አላየም። ከዚያ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ የመሰለኝ፣ ጠክ ጠክ አለ። ቀጭኑ ልጅ ሲያወጡት እያለቀሰ ነበር።

አለቃው ወደ እኔ ተሳበና ጆሮዬ ላይ አፉን አስጠግቶ «ገመዱ ጠርዙን በነካ ቁጥር ድንጋይ ይወርዳል» አለኝ። «የሚወርደው ደግሞ እሳቸው ላይ ነው። ነፋሱ ካልቆመ ሰው ማስገባት አልችልም።»

«ታዲያ ገመድ ይዛችሁ የመጣችሁት ልብስ ልታሰጡበት ነው?»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እህቴ፣ ነፋሱ መቼ ነው የሚቆመው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሊጨልም ሲል ይበርዳል» አልኩት። ፀሐይዋ ገና ብዙ መንገድ ነበራት።

ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አድርገን በሲባጎ ለቀቅን። መታጠፊያው ላይ ተቀረቀረ። ስንስበው እንቢ አለ፣ ስንለቀው እንቢ አለ። አባባ ከታች ውሃውን ያዩት ይሆን እያልኩ ሲባጎውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ወንድሜ ከሰፈር የመጡትን ወንዶች ሰብስቦ ልጣጩን በብረት እናንሳው አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድንጋይ ግን አንበሳ አይደለም። አለቃው እጁን ዘርግቶ ፊታቸው ቆመ፦ ከተነካ የሚዘጋው ወደ ውስጥ ነው።

«እኔን አውርዱኝ» አልኩ። «እኔ ከዚህ ልጅ እቀጥናለሁ።»

ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። «እትዬ፣ አንቺም እዚያ ከቀረሽ ማንን ልጥራ? አባባ አሉኝ፣ አንቺ አለሽኝ፣ ሌላ ማን አለኝ?» ይሄ ልጅ ከእናታችን ቀብር ወዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር። ክንዴን ሳይለቀኝ ተቀመጥን።

አለቃው «ያናግሯቸው» አለኝ። «እንቅልፍ እንዳይወስዳቸው። ለአሁኑ ሌላ ልናደርግላቸው የምንችለው የለም።»

እንግዲህ መዶሻውን ይዤ በሆዴ ተኛሁ። አናገርኳቸው።

ሁለት መቱ፦ ና።

ሦስት መታሁ፦ ቆይ።

ትንሽ ቆዩ። ና።

ቆይ።

ሌላ ምን ልበላቸው? ወንድሜ እዚህ ነው ልል ፈለግኩ፤ ለእሱ ምት የለም። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል፣ ጋሽ ሬዲዮ እንኳ ዝም ብሎ መዳፉን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፣ ይህን ቢያዩ ይስቁ ነበር ልላቸው ፈለግኩ። ምሳዎ ተከድኗል። ሰምተንዎት ነበር፣ ሥራ ላይ ያሉ መስሎን ነው። ቋንቋችን ግን የሥራ ቋንቋ ነው። ድንጋይ ማንሳትና ማውረድ ያውቃል፣ ውሃ መጠየቅ ያውቃል፣ ይቅርታ አያውቅም። እነዚያ ሰዎች ያን ሁሉ ዘመን ኮረብታውን ፈልጠው ከተማ ሲሠሩ፣ አንዱ ለሌላው «አይዞህ» የሚልበት አንዲት ምት አልፈጠሩም። ተናደድኩባቸው። የሞቱትን ሁሉ ተራ በተራ ተናደድኩባቸው።

ና።

ቆይ።

አንድ ጊዜ ከመሰልቸቴ ብዛት፣ ከፍርሃቴም ብዛት፣ አፌን ስንጥቁ ውስጥ ከትቼ ጮህኩ። ነፋሱ ከላይ እየገባ ስንጥቁን እንደ ጠርሙስ አፍ ያፏጨዋል፤ ድምፄ ከጥርሴ አላለፈም። ማማው ከላያችን ያፏጫል፣ ስንጥቁ ከሥራችን ያፏጫል፣ ይሄን ሁሉ ሰው ያሳደገ ኮረብታ አንድ ሰው አልመልስም ብሎ ያፏጭብናል።

ከሰፈር የመጡት ሴቶች ከነፋሱ ለመከለል ከቋጥኝ ኋላ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዷ በእጇ ምልክት ውሃ ጠጪ ትለኛለች። እምቢ አልኩ። እሳቸው ሳይጠጡ እንዴት ብዬ!

ፀሐይዋ ወደ ማማው ጎን ስትዞር ምቱ ቀስ አለ። ሁለቱ ምት ተራራቁ። ሁለተኛው አንዳንዴ ይቀራል። ከዚያ አንድ ብቻ ሆነ። አንድ ምት «አለሁ» ነው። ለሁለተኛው አቅም አጥተው ይሁን፣ ወይስ «ና» ማለቱን ትተው «አለሁ» ማለታቸው ይሁን አላወቅኩም። «አለሁ» ነው ብዬ ያዝኩት። እኔም አንድ መታሁ፦ አለሁ። እሳቸውም አንድ። እንዲህ እየተባባልን ቆየን። ወንድሜ ፊቴን አይቶ «ምን አሉ?» ሲለኝ «አለሁ ይላሉ» አልኩት፣ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ከዚያ የእኔ ምት መልስ አጣ። ደገምኩት። ጠበቅኩ። ጋሽ ሬዲዮን አየሁት። መዳፉን ከድንጋዩ አላነሳም፣ ግን ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

ነፋሱ እንዳልኩት ሊጨልም ሲል በረደ። መጀመሪያ ማማው ዝም አለ፣ ከዚያ ቀሚሴ እግሬ ላይ ረጋ፣ ከዚያ የሰው ትንፋሽ መስማት ጀመርን። ቀኑን ሙሉ የፈለግነው ይሄን ነበር። ሰዎቹ እየተሯሯጡ ብረቱን አቆሙ፤ ቆመ። ቀጭኑን ልጅ አሰሩት። ጠርዙን በጨርቅ ሸፈኑት፣ ገመዱ ምንም አልፈተገም፣ አንድ ጠጠር እንኳ አልወረደም። እንዲህ ቀላል ነበር። ይህን ሳይ ነው አንጀቴ የተቆረጠው፤ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ።

«አባባ!» ብዬ ጠራሁ። አሁን ድምፄ ወረደ። መታጠፊያው ድረስ ሲሄድ ሰማሁት፣ ከዚያ ወዲያም ሲሄድ ሰማሁት። ቀጥሎ የሰማሁት የልጁ የገመድ ማቆሚያ ብረት ሲንቀጫቀጭ ነው።

አለቃው ትከሻዬን ነካ። «እህቴ፣ አሁን መምታቱን ያቁሙልኝ። ልጁ ከውስጥ የሚለውን ልስማ።»

እጄ እየመታ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። ወንድሜ አንጓዬን ያዘኝ፣ «እትዬ፣ በቃ» አለኝ፣ «በቃሽ።» አንጓዬን አላቀቅኩት።

ቀኑን ሙሉ ና ሲሉኝ ቆይ ስላቸው ውያለሁ። አሁን መዶሻውን አንስቼ ሁለት መታሁ። ና። አሳረፍኩ። ና። ኮረብታው ጸጥ ብሏል፣ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም፣ ከእግር እስከ አናቱ ምቴን እንደሚያደርስልኝ አውቃለሁ። ና፣ አባባ። ጆሮዬን ግራናይቱ ላይ ለጥፌ ጠበቅኩ። ቆይ ቢሉኝ እንኳ በበቃኝ ነበር።